አንድ ቼሎ፣ አንድ ሰው፦ ስለ ያኖሽ ስታርከር ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ከገጹ ግርጌ አንዲት ክፍት ቦታ ተርፋ ነበር። ለመሙያ ያህል ስለ ቼሎ ተጫዋቹ ያኖሽ ስታርከር ስድስት መስመር ጣል አደረግኩ። ሃንጋሪ ተወለደ፣ ወንድሞቹ በጦርነቱ ተገደሉ፣ አሜሪካ ገባ፣ ትልቅ ኦርኬስትራ ትቶ አስተማሪ ሆነ፣ በ2013 አረፈ። በቃ፣ ይኸው ነበር። ይሄ ሁሉ ጥያቄ ይመጣብኛል ብዬ አላሰብኩም። አንዳንዶቻችሁማ ተቆጥታችኋል። «እንዲህ ያለ ሰው በስድስት መስመር?» ያላችሁኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ዛሬ ዓምዱ የእሱ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ልበል። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቼሎ አይታችሁ ለማታውቁ ደግሞ፣ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም በሉት። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱ መሀል ያቆመዋል፣ ከታች በቀጭን ብረት መሬት ይረግጣል፣ አራት ክር አለው፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን ነው የሚጫወቱት። ድምፁ ወፈር ያለ ነው፤ የሰው ጉሮሮ ይመስላል።

ወደ ደብዳቤዎቹ።

ጥያቄ፦ «ልጄ አንድ የስታርከር ቅጂ አሰማችኝ። ኮዳይ የሚባል ሰው የደረሰው ነው አለችኝ። እኔ በጆሮዬ ቢያንስ ሁለት ሰው ነው የሰማሁት። እሷ አንድ ሰው፣ አንድ ቼሎ ነው ብላ ድርቅ አለች። ቡና ተወራርደናል።» አንድ አባት፣ ከአዳማ

ቡናውን ይጋብዟት፣ ልጅዎ ልክ ናት። አንድ ሰው ነው።

ግን ጆሮዎም አላታለለዎትም። ዞልታን ኮዳይ ይህን ሶናታ (በጥቂት ክፍሎች የተሠራ የመሣሪያ ሙዚቃ ማለት ነው) በ1915 የጻፈው ለአንድ ቼሎ ብቻ ነው፤ ፒያኖ የለ፣ አጃቢ የለ። ሰውየው ግን ሆን ብሎ ብዙ ሰው እንዲመስል አድርጎ ነው የሠራው። ከአራቱ ክሮች ሁለቱን ወፍራሞች ከተለመደው ቅኝት በግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረጋቸው። እንዲህ ሲሆን ክሮቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ አንዱን ስትነካ ሌላው አብሮ ያስተጋባል። ከዚያ ላይኛው ክር ላይ ዜማው ሲሄድ ከሥር ሌላ ድምፅ ያጉረመርማል። ይባስ ብሎ ቀኝ እጅ በደጋን እየሳበ ሳለ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ክር እየቆነጠሩ እንዲያጅቡ ያዛል። ይህን እንግዲህ ወደ ግማሽ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ነው ያለ ረዳት የሚወጡት።

ኮዳይ ከጓደኛው ከቤላ ባርቶክ ጋር ሆኖ በሃንጋሪ ገጠር እየዞረ የገበሬውን ዘፈን ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ መጨረሻው ክፍል ላይ ጭፈራ የሚመስል ነገር ከሰሙ፣ ጭፈራ ነው።

ስታርከር ይህን ሶናታ ፓሪስ ውስጥ ሲቀርጽ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ስደተኛ ነው። የዚያን ጊዜ ሸክላ በአንድ ገጹ አራት ደቂቃ ገደማ ነው የሚይዘው፤ ሥራው እየተቆራረጠ ነው የተቀዳው ማለት ነው። በ1948 ያ ሸክላ ግራንድ ፕሪ ዱ ዲስክ የሚባለውን የፈረንሳይ ሽልማት ወሰደ። ስሙን ያወጣው ይሄ ነው። በኋላ አሜሪካ ገብቶ በ1950 እንደገና ቀዳው፤ የድምፅ ባለሙያው ፒተር ባርቶክ ነበር፣ የቤላ ባርቶክ ልጅ። ቅጂው ማይክሮፎኑ ክሩ ላይ የተጣበቀ ይመስላል። ደጋኑ ክሩን ሲይዝ ሁሉ ይሰማል። ልጅዎ ያሰማችዎት ይሄኛው ከሆነ ሁለት ሰው ቢመስልዎት አልፈርድብዎትም።

ጥያቄ፦ «ወንድሞቹ በጦርነቱ ተገደሉ ብለህ በሦስት ቃል ዘለልከው። እንዴት ነው እንደዚህ የሚታለፈው? እሱስ እንዴት ተረፈ?» ከሐዋሳ

ተግሣጹን ተቀብያለሁ፣ እህቴ።

ስታርከር ሐምሌ 5 ቀን 1924 ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የመጨረሻ ልጅ ነው። ታላላቆቹ ቲቦርና ኤዴ ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። ለእሱ ቼሎ ደረሰው፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ቡዳፔስት በሚገኘው የሊስት የሙዚቃ አካዳሚ የአዶልፍ ሺፈር ተማሪ ሆነ። ሺፈር ደግሞ የዳቪድ ፖፐር ደቀ መዝሙር ነበር፤ የፖፐርን መልመጃዎች ዛሬም የቼሎ ተማሪ ሁሉ እያማረረ ይሠራቸዋል።

አሥራ አራት ዓመቱ ላይ አንድ ነገር ሆነ። የቼኩን የሙዚቃ ደራሲ የድቮርዣክን ኮንቼርቶ፣ ማለትም አንድ ቼሎ ኦርኬስትራ እያጀበው የሚጫወተውን ሥራ፣ ሊጫወት የነበረው ሰው መምጣት አልቻለም። ልጁን ጠሩት። የቀረው ሦስት ሰዓት ነው። ገብቶ ተጫወተ። ይህ ኮንቼርቶ ለቼሎ ከተጻፉት ውስጥ ከባዶቹ ተርታ የሚመደብ ነው። እኔ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሸሚዜን ተኩሼ አልጨርስም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጀርመን በመጋቢት 1944 ሃንጋሪን ያዘች። የሃንጋሪ አይሁዶች እልቂት በአብዛኛው የተፈጸመው ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ወራት ነው። ቲቦርና ኤዴ ተገደሉ። ያኖሽ በዕድሜ ትንሹ ነበር፤ እሱ ከቡዳፔስት በስተደቡብ ባለችው ቼፔል በምትባል ደሴት፣ በማጎሪያ ካምፕ ታስሮ ቆይቶ ተረፈ። ጦርነቱ ሲያልቅ ዕድሜው ሃያ አንድ አልሞላም። ወዲያው የቡዳፔስት ኦፔራና የፊልሃርሞኒው ኦርኬስትራ የቼሎ ክፍል መሪ ሆነ። አልቆየም፣ በ1946 አገሩን ለቀቀ።

ጥያቄ፦ «ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ቺካጎን የሚያህል ከተማ፣ ያን የሚያህል ኦርኬስትራ ትቶ ትንሽ ከተማ ሄዶ አስተማሪ መሆን ምን የሚሉት ነው? ሰው ከማስተማር ወደዚያ ይሸሻል እንጂ!» ከደብረ ብርሃን

መምህር፣ ጥያቄዎን ሳነብ ስቄያለሁ። ግን ከተላኩልኝ ሁሉ ዋናው ይሄ ነው። በስድስቱ መስመር ያበላሸሁትም ይህንኑ ነው፤ «ትቶ አስተማሪ ሆነ» ስል ከላይ ወደ ታች የወረደ አስመሰልኩት።

መጀመሪያ መንገዱን ላስቀምጥ። በ1948 አሜሪካ ገባ፤ የአገሩ ልጅ የኦርኬስትራ መሪው አንታል ዶራቲ ዳላስ ወስዶ የቼሎ ክፍል መሪ አደረገው። በ1949 ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ። እዚያ ሌላ ሃንጋሪያዊ አገኘ፣ ፍሪትስ ራይነር፤ ቁጣው የታወቀ፣ በዓይኑ ጥቅሻ ኦርኬስትራ የሚመራ ሰው። ራይነር በ1953 ወደ ቺካጎ ሲምፎኒ ሲሄድ ስታርከርን ይዞት ሄደ። እስከዚህ ድረስ የእርስዎ ሐሳብ ያስኬዳል። ከዚህ በላይ ምን አለ?

በ1958 ግን ጓዙን ጠቅልሎ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ፣ ብሉሚንግተን ገባ። ትንሽ የተማሪ ከተማ ናት። እስከ ዕለተ ሞቱ ለ55 ዓመት ቤቱ እዚያ ሆነ።

ለምን? ወደ ኋላ መመለስ አለብን። ስታርከር ስምንት ዓመቱ ላይ የመጀመሪያ ተማሪውን ያስተምር ነበር። በትክክል አንብበዋል፣ ስምንት። አሥራ ሁለት ሲሞላው አምስት ተማሪዎች ነበሩት። ለትንሽ ልጅ ቼሎ ማስተማር ማለት እንግዲህ እንዴት እንደሆነ ማሳየት ነው፤ «እንደኔ አድርግ» ትላለህ፣ ያደርጋል። ከጦርነቱ በኋላ፣ ሃያዎቹ ውስጥ፣ አንድ ጥያቄ መጣበት፦ እኔ ራሴ እንዴት ነው የምጫወተው? መልስ አልነበረውም። በልጅነቱ ጎበዝ የተባለ ሰው አበሳው ይኼ ነው። ወፍ እንዴት እንደምትዘምር አታውቅም፣ ግን ትዘምራለች፤ አንድ ቀን ቆም ብላ ብታስበው ምን ትሆናለች? እሱም በኋላ ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ በዚህ ዓይነት ምሳሌ ነበር የሚናገረው። በጣም ተረበሸ። እጁ የሚያውቀውን አእምሮው አያውቀውም። እጁ አንድ ቀን እምቢ ቢለው የሚጠግንበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ ሁሉንም ፈታታው። ክንዴ መቼ ነው የሚንቀሳቀሰው? ትከሻዬ ምን ይሠራል? መቼ ነው የምተነፍሰው? ጉልበቱ ከጣት ነው ከጀርባ? እያለ ሥር ሥሩን ሄደ።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት፣ ነገሩ እንዲታይ። አንድ ክር ላይ ከታችኛው ድምፅ ወደ ላይኛው መውጣት አለብን እንበል። የግራ እጅ ሁለት ስንዝር ያህል መሮጥ ሊኖርበት ነው። ጀማሪ ምን ያደርጋል? የመጀመሪያውን ድምፅ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ ከዚያ ይዘላል። ሲዘል ያልፈዋል ወይ አይደርስም፤ ደርሶም ከሆነ እጁ ደንግጦ ስለሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል። ስታርከር የሚያስተምረው ሌላ ነው። ጣት ገና የመጀመሪያው ድምፅ ላይ እያለ ክርንህ መንገድ ይጀምር። አውራ ጣት ይልቀቅ። ጣት መጨረሻ የሚሄድ ተሳፋሪ ነው፣ ሹፌሩ ክርንና ትከሻ ናቸው። ድምፁ ከመምጣቱ በፊት እንቅስቃሴው አልቋል ማለት ይቻላል። ተመልካች የሚያየው ሰው ምንም እንዳልሠራ ነው።

ይህን እንግዲህ ለራሱ ነው የሠራው። ግን ለሌላ ሰው ማስረዳት ሲጀምር ነው የበለጠ የገባው። ሳያስተምር መጫወት፣ ሳይጫወትም ማስተማር እንደማይሆንለት፣ የሚሠራውን በትክክል የሚያውቀው ለሰው ማስረዳት ሲኖርበት እንደሆነ ይናገር ነበር። መምህር፣ ይሄን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ሰሌዳ ፊት ቆመው «ለምን?» የተባሉ ቀን ነው አይደል ትምህርቱ ራሱ የሚገባው?

ደግሞ ኦርኬስትራ ውስጥ ሲሆኑ የመሪው ነዎት። ራይነር ፈጠን በል ካለ ይፈጥናሉ። ኢንዲያና ያኔ ለሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ከዓለም ዙሪያ ሰው እየሰበሰበ ነበር፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ሜናኸም ፕሬስለር ቀድሞ ገብቷል፣ ቫዮሊኒስቱ ጆሴፍ ጊንጎልድ በ1960 መጣ፣ ከቡዳፔስት የሚተዋወቁት ፒያኒስቱ ጆርጂ ሼበክ በ1962 ተከተለ። ስታርከር ያስተምራል፣ በመሀል ደግሞ ዓለምን እየዞረ ብቻውን ኮንሰርት ያቀርባል። እንዲያውም ብቸኛ ተጫዋች ሆኖ ዓለም የዞረው በብዛት ከ1958 ወዲህ ነው። ኑሮውን ተወ ከማለት ኑሮውን አገኘ ማለት ይቀላል።

ከእጁ የወጡትን ደግሞ ይዩ። ጃፓናዊው ጹዮሺ ጹጹሚ፣ ጀርመናዊቷ ማሪያ ክሊገል፣ ጋሪ ሆፍማን። ክሊገል በ1981፣ ሆፍማን በ1986 በሩሲያዊው ቼሎ ተጫዋች በሮስትሮፖቪች ስም ይካሄድ የነበረውን የቼሎ ውድድር አሸንፈዋል። ከኢንዲያና የጃዝ ትምህርት ጋር ስሙ የሚነሳው ዴቪድ ቤከርም አለ። ቤከር ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ትሮምቦን ነበር የሚነፋው፤ በመኪና አደጋ መንጋጋው ሲጎዳ መንፋት አልሆነለትም፣ ቼሎ ያዘ። በኋላ ለስታርከር ሶናታና ኮንቼርቶ ጻፈለት። ጃዝ ተጫዋች ለክላሲክ ሰው ሲጽፍ፣ ያውም እንደ ድንጋይ ለማይነቃነቅ ሰው!

ስለ ድንጋዩ ደግሞ፦

ጥያቄ፦ «ቪዲዮውን አየሁት። ምነው ፊቱ? ገንዘብ ሲቆጥር የተቋረጠ ገንዘብ ያዥ ነው የሚመስለው። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጸጉራቸውን በትነው ሲያለቅሱ ነው የማውቀው።» አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ

ሃሃ፣ ገንዘብ ያዥ ጥሩ ነው። ይሄን ትችት በሕይወት እያለም ሰምቶታል። ቀዝቃዛ ነው የሚሉት ነበሩ። እሱ ግን መድረክ ላይ መወዛወዝን አይወድም። ስሜቱ ድምፁ ውስጥ ይሁን፣ ፊቴ ላይ ምን ይሠራል ባይ ነው። እኔ በበኩሌ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማው፣ ፊቱ አያስጨንቀኝም። አንተም ሞክረው፤ የቀዘቀዘ ነገር የለም፣ ይልቅ ጉልበት ሳያባክን የሚሠራ ሰው ነው የምትሰማው።

እንዲህ ቁጥብ ሆኖ ሳለ ግን ሱሱ ሌላ ነበር። ሲጋራ! በቀን ስልሳ ያጨስ እንደነበር ነው የሚወራው፣ ውስኪም ይወዳል። አንድ ጊዜ አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ከመድረክ ጀርባ ማጨስ አይቻልም ሲሉት ሳይጫወት ሄዷል። ምክር አይደለም፣ ታሪክ ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመት መኖሩንም ለማጨስ ማስረጃ አድርጋችሁ እንዳትጽፉልኝ።

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ክር መሣሪያ ምረጡ አላቸውና እሱ ቼሎ መረጠ። አባቱ ሒሳቡን ያጥና ይላል። እኔ ደግሞ ይሄን የሚያህል ነገር አውቶቡስ ላይ ይዞ ሲወጣ ይታየኛል። ዘጠኝ ዓመት ዘገየ ወይስ ፈጠነ? ገዝተን ይሰለቸው ይሆን?»

እህቴ፣ አይዞሽ። ዘጠኝ ዓመት አልዘገየም፣ አልፈጠነምም።

አትግዙ። ቼሎ በልጅ ቁመት ነው የሚሠራው፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ ከዚያ ሙሉው አለ። ልጅሽ ሲያድግ መሣሪያውም ይቀየራል። እናንተ አገር የሙዚቃ ዕቃ መደብሮች በወር ያከራያሉ፣ ትምህርት ቤቱም የሚያውስ ሊኖረው ይችላል፣ መጀመሪያ እዚያ ጠይቂ። አስተማሪው ይለካው። ሲያድግበት ብለሽ ትልቅ እንዳታስመጪለት! ጫማ አይደለም። ክንዱ ካልደረሰ መንጠራራት ይለምዳል፣ ከለመደ ደግሞ ማስተው መከራ ነው።

ወንበሩን እዩለት። ሁለት እግሩ ሙሉ ለሙሉ መሬት ይርገጥ፣ ሶፋ ላይ አይቀመጥ። በቀን አሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፣ ግን በየቀኑ። እሁድ ሁለት ሰዓት አስቀምጦ ማስጨነቅ ጥቅም የለውም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፁ በር ሲንጫጫ ይመስላል። ያልፋል። አባቱን በዚያ ሰዓት ወደ ሱቅ ላኪው።

ለሒሳቡ እኔ ዳኛ አልሆንም፣ ሁለቱም ሃያ ሃያ ደቂቃ አያጡም። አንድ ነገር ግን ከስታርከር ውሰጂ። ታናሽ አለው? እህትም ወንድምም ትሁን፣ በሳምንት አንድ ቀን የተማረውን ያስተምራት። ደጋን አያያዝ ያሳያት። «ለምን እንዲህ ነው የሚያዘው?» ስትለው ወይ ያውቀዋል ወይ ሄዶ አስተማሪውን ይጠይቃል። ታናሽ ከሌለው አንቺ ተማሪው ሁኚ። ልጆች እናታቸውን ማረም ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ፦ «ማሲንቆ ተጫዋች ነኝ። የባህል ምሽት ቤት ነው የምሠራው፣ ማታ ረጅም ሰዓት። የግራ እጄ ከአውራ ጣት ሥር ጀምሮ እስከ ክንዴ ያመኛል። ይሄ ሰውዬ ስለ እጅ ጽፏል ሲባል ሰማሁ። ለእኔ የሚሆን አለው?» ከጎንደር

አለው፣ ወንድሜ። በ1961 ያሳተመው የመልመጃ መጽሐፍ አለ፤ ትኩረቱ የግራ እጅ ላይ ነው። ለክር መሣሪያ ተጫዋቾች ነው የጻፈው፣ ማሲንቆ በልቡ ነበረ አልልህም። ቼሎ ላይ ጣት ክሩን አንገቱ ላይ ይጫነዋል፤ የአንተ ጣት ደግሞ የጭራውን ክር በጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ድረስ አይወርድም። ግን አውራ ጣት አውራ ጣት ነው።

እኔም በልጅነቴ ለሁለት ዓመት ቼሎ ነካክቻለሁ። ጎበዝ አልነበርኩም። አውራ ጣቴ የቼሎውን አንገት እንደ ዶሮ አንገት አንቆ ይይዛል። አስተማሪዬ አንድ ቀን ከጠረጴዛው ላይ ትንሽዬ ሎሚ አንስቶ የግራ መዳፌ ውስጥ፣ አውራ ጣቴና ጣቶቼ መሀል አስገባት። «በል ሳትጨምቃት ክንድህን ውጣ ውረድ አድርገው» አለኝ። ቀላል መሰለኝ። ሦስተኛው ላይ ሎሚዋ ፈሳ እጅጌዬን አረጠበችው። ያኔ ነው መጭመቄን ያወቅኩት። እያወቅኩ አልነበረማ የምጨምቀው!

ሞክረው። መጀመሪያ ያለ ማሲንቆ፣ በኋላ እየተጫወትክ በየስንኙ መሀል አውራ ጣትህን አንዴ ላቀቅ አድርገው። ዘፋኙ ሲተነፍስ አንተም ተንፍስ፤ ትንፋሽ ሲያዝ ትከሻ ይወጣል፣ ትከሻ ሲወጣ ክንድ ይታሰራል። ስታርከርም አጥብቆ የሚለው ይህንን ነው፦ ውጥረቱ ከተፈጠረ በኋላ አይፈታም፣ እንዳይፈጠር ነው መሥራት ያለብህ። ሕመሙ ሳትጫወትም የማይለቅህ ወይም ጣትህን የሚያደነዝዝህ ከሆነ ግን ከእኔ ጋር አትጻጻፍ፣ ሐኪም ጋ ሂድ።

አጫጭሮቹን አንድ ላይ ልመልሳቸው።

«ቼሎው የማን ሥራ ነበር?» ላላችሁ፦ ከ1950 ጀምሮ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ሎርድ አይልስፎርድ የሚባለውን ስትራዲቫሪየስ፣ ማለትም ጣሊያናዊው ስትራዲቫሪ የሠራውን ቼሎ ተጫውቷል። በ1965 ግን የቬኒሱ ማቴዎ ጎፍሪለር የሠራውን ገዛ። ዕድሜ ልኩን እሱን ይዞ ኖረ።

«ስታርከር ብሪጅ ምንድን ነው?» ላልከው የክራር ሠሪ፦ ክራር ላይ ብርኩማ የምንላት፣ ክሮቹ የሚያርፉባት እንጨት አለች አይደል? ቼሎም አለው። ስታርከር እሷ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አስበሳ፣ ድምፁ ከፈት እንዲል። በስሙ ተጠራች። ክራርህ ላይ ከመብሳትህ በፊት ትርፍ ብርኩማ ሥራ።

«ግራሚ አለው ወይ?» አለው፣ በ1998። የጀርመናዊውን ደራሲ የባኽን ስድስት የቼሎ ስዊቶች፣ ማለትም ከጭፈራ ዜማዎች የተሰደሩ የብቸኛ ቼሎ ሥራዎች፣ የቀረጸበት ነው። እነዚህን ስዊቶች በዕድሜው አምስት ጊዜ ቀድቷቸዋል፤ የተሸለመው የመጨረሻው ነው። ሲሸለም ሰባ ሦስት ዓመቱ ነበር።

«እኛ አገር ቼሎ የት ይማራል?» ለሚለው፦ አዲስ አበባ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት። ማሲንቆና ክራርም እዚያው ግቢ አሉ፣ ሂዱና በመስኮት ስሙ።

የመጨረሻው ጥያቄ «ከየትኛው ልጀምር?» የሚል ነው፣ ከብዙዎቻችሁ። ከባኽ የመጀመሪያው ስዊት ጀምሩ፣ መግቢያው ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ለመኪና መንገድ ደግሞ ድቮርዣክን፣ በ1962 ከዶራቲና ከለንደን ሲምፎኒ ጋር የቀዳውን። ዶራቲ ማለት ያው ዳላስ የወሰደው ሰው ነው። ኮዳዩን ለመጨረሻ አቆዩት።

የአዳማው አባት ቡናውን ከጋበዙ በኋላ ደግሞ ሁለተኛውን ክፍል፣ ዝግ ያለውን፣ ልጅዎ ታሰማዎት። ዜማው ረዘም ብሎ ሲሄድ ከሥሩ እንደ ክራር የሚቆነጠር ድምፅ ይመጣል። ያ የግራ እጁ ነው፣ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም።